ለአራስ ሕፃን መኝታ ስትመርጡ፦ የእናት አልጋ፣ ከጎን የሚገጠም አልጋ፣ ቅርጫት ወይስ ቤቢ ቤድ?

አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ስለዚህ መኝታው የሚመረጠው ሱቅ ውስጥ እንዴት እንደሚያምር ታይቶ ሳይሆን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንዴት እንደሚያገለግል ታስቦ ነው። በዚያ ሰዓት እናትየው ዓይኗ እየተከደነ፣ ምናልባትም ስፌቷ እየጠዘጠዛት ሕፃኑን ታነሳለች፣ ታጠባለች፣ ታስገሳዋለች፣ መልሳም ታስተኛዋለች። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው ያኔ ነው። መልሶ ማስተኛቱ ከከበዳት ሶፋ ላይ ወይም ወንበር ላይ እንዳቀፈችው እንቅልፍ ይጥላታል።

ፍርዳችንን ከመጀመሪያው እንናገር። ቦታና አቅም ከፈቀደ የሚሻለው ሕፃኑ በእናቱ ክፍል ውስጥ፣ እጇን ዘርግታ በምትደርስበት ርቀት፣ የራሱ ጠፍጣፋና ጠንካራ ፍራሽ ኖሮት መተኛቱ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያም ቢያንስ እስከ 6 ወር እንዲህ እንዲሆን ይመክራል። ይህ የማይሆንላቸው ቤቶች ግን ብዙ ናቸው። አንድ አልጋ ብቻ ላለው ቤተሰብ “ለብቻው አስተኙት” ብሎ ማለፍ ምንም አይጠቅመውም፤ ስለዚህ ከእናት ጋር መተኛትንም እንዴት አደጋውን መቀነስ እንደሚቻል በዝርዝር እንጽፋለን።

በየትኛውም መኝታ ላይ የማይለወጡ ነገሮች

ሕፃኑ ለቀን እንቅልፍም ለሌሊትም በጀርባው ይተኛ። አያቶች “ትን ይለዋል፣ በጎኑ አድርጊው” ማለታቸው ከፍቅር ነው፤ የሰውነት አሠራሩ ግን በተቃራኒው ነው። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን ወደ ላይ የመጣው ወተት ወደ ታች ይመለሳል። በሆዱ ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከታች ስለሚሆን ወተቱ ወደዚያው ያዘነብላል። በጎኑ የተኛ ሕፃን ደግሞ በቀላሉ ወደ ሆዱ ይገለበጣል። አሜሪካ ውስጥ በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1994 ከተጀመረ በኋላ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

ፍራሹ ጠንካራ ይሁን። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ተጫኑትና ልቀቁት፤ ወዲያው ካልተመለሰ ወይም የእጃችሁ ቅርጽ ከቀረበት ለሕፃን አይሆንም። ጭንቅላቱ የሚሰምጥበት ፍራሽ ፊቱ ሲዞር አፍንጫውን ይከድናል፤ ያወጣውንም አየር መልሶ እንዲተነፍሰው ያደርገዋል። ከአንሶላው በቀር ምንም አይጨመር፦ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት፣ በስፖንጅ የተሞላ የጎን መከላከያ አያስፈልግም። “ጭንቅላቱ እንዲያምር” ተብሎ የሚደረግ መሃሉ የተቦረቦረ ትንሽ ትራስም ከዚሁ ይቆጠራል።

ፊቱ አይሸፈን። ብርድ፣ ምች ወይም የሰው ዓይን እንዳያገኘው ተብሎ ነጠላ ወይም ጋቢ ፊቱ ላይ ጣል ማድረግ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ሕፃን ሙቀቱን በብዛት የሚያስወጣው በጭንቅላቱና በፊቱ ስለሆነ ሲሸፈን ይግላል፤ የሚተነፍሰውም አየር ይታፈናል። ከሰው ዓይን መከለል የምትፈልጉ እንደሆነ በክፍሉ በር ላይ መጋረጃ ስቀሉ።

የማተብ እና የክታብ ጉዳይም መጠቀስ አለበት። ክርስትና የተነሳ ሕፃን አንገት ላይ ያለ ጠንካራ ክር በአልጋ ዘንግ ወይም በእናት ልብስ ቁልፍ ሊያዝ ይችላል። ለእንቅልፍ ማውለቅ ይመረጣል፤ ማውለቁ የሚከብዳችሁ ከሆነ ትንሽ ሲጎተት የሚበጠስ ቀጭን ክር ይሁን።

ከእናት ጋር አንድ አልጋ

ማጥባት እዚህ ላይ ይቀላል፤ ወጪም የለውም። አደጋው የሚመነጨው ከአልጋው ዓይነት፣ አልጋው ላይ ካለው ልብስና አብሮ ከሚተኛው ሰው ነው።

በመጀመሪያ፣ በምንም መንገድ አብሮ መተኛት የሌለበት ጊዜ አለ። ሕፃኑ ከ37 ሳምንት በፊት ከተወለደ ወይም ሲወለድ ከ2.5 ኪሎ በታች ከነበረ አይሆንም። እናት ወይም አባት ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ፣ በእርግዝና ጊዜ ማጨስንም ጨምሮ፣ አይሆንም። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ ወይም ቢራ በተጠጣበት፣ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት በተወሰደበት ሌሊትም አይሆንም። አራስ ጥየቃ የመጣ እንግዳ የሚያቀርበውን መጠጥ በዚህ ዓይን ተመልከቱት፤ አባትየውም ከጠጣ ሌላ ቦታ ይተኛ። ታላቅ እህት ወይም ወንድም ካለ በዚያው አልጋ አይተኛ፤ ልጅ እንቅልፉ ከባድ ስለሆነ እጁ ሕፃኑ ላይ ማረፉን አያውቅም።

የጠፍር አልጋ እና የሽቦ አልጋ ለዚህ አይሆኑም። ጠፍሩ ሲላላ መሃሉ ይጎደጉዳል፣ ሕፃኑም ወደ እናቱ ሰውነት እየተንከባለለ ፊቱ ይጣበቅባታል። የጥጥ ፍራሽም ሲያረጅ እዚህም እዚያም ይጓጉላል። ያላችሁ ይኸው ከሆነ ጠንከር ያለውን ስፖንጅ ፍራሽ አውርዳችሁ ወለል ላይ ማንጠፍ ይሻላል። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ከሥሩ ሰሌን ወይም ወፍራም ካርቶን አድርጉ። ፍራሹን ከግድግዳ አታስጠጉ፤ በፍራሹና በግድግዳው መካከል የምትፈጠረው ጠባብ ክፍተት ሕፃን የሚቀረቀርባት ናት። ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር አርቁት።

ሕፃኑ በእናቱ በኩል ይሁን እንጂ በሁለት ሰዎች መካከል አይተኛ። እናትየው በጎኗ ተኝታ ጉልበቷን ከሕፃኑ እግር በታች አጠፍ ታድርግ፤ የታችኛው ክንዷ ከራሱ በላይ ይዘርጋ። እንዲህ ስትተኛ ወደ ፊት መገልበጥ ያስቸግራታል። ሕፃኑ ከጡቷ ትክክል ይሁን፤ ወደ ትራሷ ከፍ ሲል ፊቱ ትራሱ ውስጥ ይገባል። ጋቢው ወይም ብርድ ልብሱ ከወገቧ በላይ እንዳይመጣ ለላይኛው አካሏ ሹራብ ትልበስ። ረጅም ጸጉር ይታሰር፣ ሐብል ይውለቅ። አጥብታ ስትጨርስ ሕፃኑን በጀርባው ትመልሰው።

አራስ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ይዘነጋል። ጠያቂ ሲበዛ ካፖርትና ጋቢ አልጋው ላይ ይከመራል፣ ሕፃኑም ከዚያው መሃል ይተኛል። ልብስ የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ አራሷን የምትጠብቀው እናት ወይም አማት ይህን ብትቆጣጠር ትልቅ እገዛ ነው።

ከአልጋ ጎን የሚገጠም ትንሽ አልጋ

አንድ ጎኑ የሚከፈት ወይም ዝቅ የሚል፣ ከትልቁ አልጋ ጋር በቀበቶ የሚታሰር ነው። ሕፃኑ የራሱ ፍራሽ አለው፣ እናቱም ሳትነሳ ትደርስበታለች። በቀዶ ሕክምና ለወለደች እናት ከሁሉም የምንመርጠው ይህንን ነው፤ ከመኝታ ቀና ብሎ ጎንበስ ማለት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆዷን ያሳምማታልና።

ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን አልጋ ለኩ። ከወለል እስከ ፍራሹ የላይኛው ገጽ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? የምትለኩት እናትየው ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ነው፤ ስፖንጁ ሲጫኑት ዝቅ ይላል። ከዚያ የሕፃኑ አልጋ በየትኞቹ ከፍታዎች እንደሚቆም ሻጩን ጠይቁ። ወፍራም ፍራሽ የተነጠፈበት ከፍ ያለ አልጋ ካላችሁ ውጭ አገር የተሠራው ዕቃ ላይደርስላችሁ ይችላል። ከፍታው ካልገጠመ ጎኑን አትክፈቱት፤ ዘግታችሁ አጠገባችሁ እንዳለ ለብቻው ያገልግል። ከሥሩ ጡብ ወይም ጣውላ እየደረደሩ ከፍ ማድረግ በፍጹም አይገባም።

ትልቁ ችግር በሁለቱ ፍራሾች መካከል የሚፈጠረው ክፍተት ነው። መጀመሪያ ቀን ገጥሞ የታሰረው፣ በሴራሚክ ወለል ላይ አልጋው ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ በሳምንቱ ጣት የሚያስገባ፣ በወሩ እጅ የሚያስገባ ይሆናል። በየማታው እጃችሁን በመጋጠሚያው ላይ አሳልፉ፣ ቀበቶውንም ሳቡ። ክፍተቱን በጋቢ ወይም በፎጣ መጠቅጠቅ ከክፍተቱ የባሰ ነው፤ የተጠቀጠቀው ሲላላ ሕፃኑ ጨርቅና ቀዳዳ በአንድ ላይ ይገጥመዋል። የእናትየው ብርድ ልብስም ወደ ሕፃኑ እንዳይፈስ በሌላኛው ጎኗ ይጎዝጎዝ።

አናጢ ሦስት ጎን ብቻ ሠርቶ ከአልጋችሁ ጋር እንዲያስጠጋው ማዘዝ ይቻላል። ሆኖም ሁለቱን የሚያያይዘው ብሎን ወይም ቀበቶ የአልጋውን ዋና እንጨት የሚይዝ መሆን አለበት። ፍራሹን ብቻ ካሰረ ይላላል።

የአገልግሎት ዘመኑ አጭር ነው። ሕፃኑ በእጁና በጉልበቱ ለመነሳት መሞከር ሲጀምር ያበቃል፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ በ5 ወይም 6 ወሩ ነው። አምራቾች የሚጽፉት የክብደት ወሰን ብዙ ጊዜ 9 ኪሎ ነው፣ ግን የሚቀድመው ምልክት መንቀሳቀሱ ነው።

ቅርጫትና ባሲኔት (ቅርጫት መሳይ ትንሽ የአራስ አልጋ)

ቀላልና በየክፍሉ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ለቀን እንቅልፍ የተመቸ ነው፤ እናት ሳሎን ስትሆን ሳሎን፣ መኝታ ቤት ስትሆን መኝታ ቤት። አብሮት ከመጣው ቀጭን ጠንካራ ፍራሽ በቀር ሌላ አይደረብበት፤ ከፍራሹ በላይ ያለው ግድግዳ ያጥርና ሕፃኑ ሊወጣ ይችላል። ቅርጫቱ ወለል ላይ ወይም በራሱ ማቆሚያ ላይ ይቀመጥ። ጠረጴዛ፣ አልጋ ወይም ሶፋ ላይ የተቀመጠ ቅርጫት ይገለበጣል። ሕፃኑ በውስጡ እያለ በእጀታው አታንጠልጥሉት።

ለልብስ ማጠቢያ የሚሸጠውን የቀርከሃ ቅርጫት ጨርቅ ጎዝጉዞ ለዚህ ማዋል አንመክርም፤ ታቹ ጠፍጣፋ አይደለም፣ ስንጥሩም ቆዳ ይወጋል። ለመኝታ የተሠራው ቅርጫትም ከሦስት ከአራት ወር በላይ ስለማያገለግል ብዙ ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

ቤቢ ቤድ፣ በተለይ አናጢ የሚሠራው

ዋጋው ከፍ ቢልም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚያገለግል በረጅሙ ሲታሰብ ርካሹ ይህ ነው። በአንድ ክፍል ቤት ግን ወለል ይይዛል፤ 120 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነው አልጋ ከትልቁ አልጋ ጎን ሲቀመጥ ለእናትየው መተላለፊያ 50 ሴንቲ ሜትር መቅረቱን አስቀድማችሁ ለኩ።

በከተሞቻችን ብዙው ቤቢ ቤድ የሚሠራው በእንጨት ቤትና በብረታ ብረት ቤት ነው። ጥሩ ባለሙያ እንኳ ለሕፃን አልጋ የሚያስፈልጉትን ልኮች ካልተነገረው በዓይኑ ግምት ይሠራል፤ ስለዚህ የሚከተለውን ጽፋችሁ ስጡት።

ፍራሹን መጀመሪያ ግዙ፣ አልጋው በፍራሹ ልክ ይሠራ። በተቃራኒው ከሄዳችሁ በሠሪው ልክ የተቆረጠ ስፖንጅ ፍለጋ ትንከራተታላችሁ፣ የሚገኘውም ይጠብባል። 120 በ60 ለሆነ ፍራሽ የአልጋው ውስጥ 122 በ62 ይበቃዋል። ፍራሹን ወደ አንድ ጥግ ገፍታችሁ በሌላው በኩል ከሁለት ጣት በላይ ከገባ ክፍተቱ በዝቷል። የፍራሹ ውፍረት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን።

በዘንጎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከ6 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከዚህ ሲሰፋ የሕፃኑ እግርና ዳሌ ሾልኮ ይወጣል፣ ጭንቅላቱ ግን አይወጣም፤ በአንገቱ ይንጠለጠላል። ሜትር ከሌላችሁ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ያዙ፤ በዘንጎቹ መካከል ካለፈ ሰፊ ነው። ዘንጎቹ ቁመው ይሠሩ። አግድም የሆነ ዘንግ ለሚቆም ሕፃን መሰላል ይሆንለታል።

እያንዳንዱ ዘንግ ከላይና ከታች በተበሳ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በኮላ ይያዝ፤ ዋናው መጋጠሚያ ደግሞ በብሎን። በሚስማር ብቻ የተመታ ዘንግ እንጨቱ በበጋ ሲደርቅ ይላላል፣ ከወራት በኋላ በእጅ ይዞራል። ዋንዛ ለዚህ ሥራ የሚመች እንጨት ነው። ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለፍራሹ ማስቀመጫ ወፍራም ኮምፔንሳቶ፣ ወይም በጠባብ ርቀት የተደረደረ ጣውላ ይሁን፤ መሃሉ እንዳይሰረጉድ ከሥሩ አንድ ተሻጋሪ እንጨት ይግባለት።

ማስቀመጫው ሁለት ከፍታ ይኑረው። ለአራስ ጊዜ ከማስቀመጫው እስከ ላይኛው ጠርዝ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ኋላ ሕፃኑ ቀና ማለት ሲጀምር ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር። አንድ ከፍታ ብቻ ማሠራት ካለባችሁ ዝቅተኛውን ምረጡ፤ እናትየው ማጎንበሱ ይከብዳታል፣ ሕፃኑ ግን አይወድቅም።

ጥግ ላይ ጉልላት መሳይ ጌጥ አታስደርጉ፤ የሕፃኑ ልብስ ይያዝበታል። በራስጌው ላይ የልብና የኮከብ ቅርጽ ያለው ቀዳዳም እንዲሁ፣ እጅና አንገት ይገባበታል። ዝቅ የሚል ጎን አሠሩልን አትበሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ዓይነት አልጋ መሸጥ የከለከለችው መንሸራተቻው ሲበላሽ ጎኑ በከፊል እየተላቀቀ ሕፃናት በክፍተቱ ተይዘው ስለሞቱ ነው። ጎማ ካስገጠማችሁ መቆለፊያ ያለው ይሁን።

ቫርኒሽ ወይም ቀለም ከተቀባ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ንፋስ ያግኘው፣ ሽታው እስኪጠፋ ክፍል ውስጥ አይግባ። ስለዚህ ትእዛዙን በሰባተኛው ወር ብትሰጡ ጥሩ ነው፤ መውለጃው ሲደርስ የተጣደፈ ሥራ ርጥብ ቀለም ይዞ ይመጣል። የብረት አልጋ ከሆነ የብየዳውን ጠርዝ በእጃችሁ ዳሱት፤ የሚቧጥጥ ካለ ተመልሶ ይሞረድ።

ውጭ ላላችሁና ዕቃ ለምትልኩ

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ወላጆች የሚመርጡት ተጣጣፊውን፣ ከላይ ለአራስ የሚሆን ባሲኔት ያለውን አልጋ ነው፤ ለጠባብ አፓርታማ በእርግጥም ይመቻል። የላይኛው ክፍል የክብደት ወሰን በብዙዎቹ 6.8 ኪሎ ገደማ ነው። ፍራሹ ቀጭን መስሏችሁ ሌላ አትደርቡበት፤ ጎኑ ጨርቅ ስለሆነ በተደረበው ፍራሽና በጨርቁ መካከል ኪስ ይፈጠራል።

በገልፍ አገሮች የአየር ማቀዝቀዣው በቀጥታ ሕፃኑ ላይ እንዳይነፍስ መኝታውን ከፊቱ ዞር አድርጉ።

ለአገር ቤት ዘመድ ያገለገለ ዕቃ ስትልኩ ተጠንቀቁ። ፊሸር ፕራይስ ሮክ ኤንድ ፕሌይ የተባለው ጋደም ያለ መኝታ ከ30 በላይ ሕፃናት ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 ከገበያ ተሰብስቧል፣ ቁጥሩም 4.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የአሜሪካ ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ የሕፃን መኝታና በስፖንጅ የተሞላ የጎን መከላከያ መሸጥ ተከልክሏል። ጋደም ባለ መኝታ ላይ የሕፃኑ አገጭ ደረቱ ላይ ስለሚወድቅ የአየር መንገዱ ይታጠፋል። የመኪና ወንበርም በዚሁ ምክንያት ከጉዞ ውጭ መኝታ አይደለም። ጠርዙ በስፖንጅ የተከበበው ቤቢ ኔስትም አልጋ ውስጥም ሆነ እናትና አባት መካከል አይቀመጥ።

ብርድ፣ ከሰልና ወባ

አዲስ አበባ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። መፍትሔው ሕፃኑን ማልበስ ነው፤ አልጋውን ማልበስ አይደለም። እናንተ ከለበሳችሁት በላይ አንድ ተደራቢ ልብስ ይበቃዋል። ልብስ ሰፊ ዘንድ እጅጌ ያለው፣ ታቹ የተዘጋ የመኝታ ከረጢት ማሰፋት ይቻላል፤ የከረጢቱ አንገት የሕፃኑን ጭንቅላት ወደ ውስጥ የማያስገባ ጠባብ ይሁን። ሙቀቱን በእጁ ወይም በእግሩ አትለኩ፣ እነሱ ይቀዘቅዛሉ። ማጅራቱን ንኩ፤ ካላበው አንድ ልብስ ቀንሱ። ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያው ይውለቅ።

የከሰል ምድጃ አራስ በተኛችበት ዝግ ክፍል አይደር። ከሰሉ ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ እናትንም ሕፃንንም በእንቅልፍ ላይ ይገድላል። ክፍሉን ማሞቅ ካስፈለገ መኝታ ከመድረሱ በፊት አሙቁና ምድጃውን አውጡት፣ አየርም አስገቡ።

ወባ ባለበት ቆላ በኬሚካል የተነከረ አጎበር ለሕፃኑም የግድ ነው። ለቅርጫትም ለቤቢ ቤድም አጎበሩ ከላይ ተወጥሮ ይሰቀል፣ ዳሩ ከፍራሹ ሥር ይግባ። የሕፃኑ ቆዳ አጎበሩን ከነካ ትንኟ በቀዳዳው ትነድፈዋለች፤ ረግቦ ፊቱ ላይ እንዳያርፍም በየማታው ይታይ። ከእናቱ ጋር የሚተኛ ሕፃን በእናቱ አጎበር ውስጥ ይጠለላል፣ በዚህ በኩል የአንድ አልጋው አማራጭ ብልጫ አለው።

ሲወለድ ትንሽ የነበረ ሕፃን

ከ2.5 ኪሎ በታች የተወለደ ሕፃን መጀመሪያ የሚያስፈልገው የካንጋሩ እንክብካቤ ነው፦ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ ለብሶ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ተጣብቆ በጨርቅ መታሰር። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሆን ይመክራል፤ አባትም አያትም ተራ መግባት ይችላሉ። የታቀፈው ሰው እንቅልፍ ሲመጣበት ጠፍጣፋ ከመተኛት ይልቅ ጀርባውን ከፍ አድርጎ ይደገፍ፣ የሕፃኑ ፊት ወደ ጎን ዞሮ አፍንጫው ይታይ። ከደረት ሲወርድ የሚተኛው ለብቻው ነው፤ ለእነዚህ ሕፃናት ከእናት ጋር አንድ አልጋ አይመከርም።

እንግዲህ በየቤቱ

በቀዶ ሕክምና የወለደችና የአልጋዋ ከፍታ የሚገጥምላት እናት ከጎን የሚገጠመውን ትያዝ። በምጥ ወልዳ ቶሎ የምትነሳና ክፍሏ የሚበቃት ከመጀመሪያው ቤቢ ቤድ ብታሠራ ወጪዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቅርጫቱ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያግዛል፣ እስከዚያ ሌላው ይዘጋጃል። ምንም መግዛት የማይቻልበት ቤት ወለል ላይ የተነጠፈው ጠንካራ ፍራሽ፣ ከላይ በተጻፈው ጥንቃቄ፣ ከጠፍር አልጋም ከሶፋም ይሻላል። የትኛውንም ብትመርጡ አብሮ የሚሸጠውን ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ አትግዙ፤ በዚያ ገንዘብ ሁለት ትርፍ አንሶላ ይገዛል፣ ሌሊት የሚያስፈልጋችሁም እሱ ነው።

ሕፃኑን በጨርቅ እየጠቀለላችሁ የምታስተኙ ከሆነ፣ ለመገልበጥ የመጀመሪያውን ሙከራ ሲያደርግ በዚያው ቀን መጠቅለሉን አቁሙ፤ እጁ የታሰረ ሕፃን በሆዱ ከተገለበጠ ፊቱን ማንሳት አይችልም። ከቅርጫት ወይም ከጎን አልጋ ወደ ቤቢ ቤድ የሚዛወረውም በዚያው ሰሞን ነው። የአልጋውን ማስቀመጫ ወደ ታችኛው ከፍታ አውርዱ፣ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ፣ በእጁ የሚደርስበት መጋረጃና የሞባይል ቻርጀር ገመድ ካለ ከአጠገቡ አንሱ።